አቢ ብለው ጠሩኝ፤ ሰባት ቀን ኢስታንቡል ከእቴቴ ጋር

ማክሰኞ

መጀመሪያ እቴቴን ላስተዋውቃችሁ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ትንሽ ቡቲክ አለቻት፣ እስከዛሬ ዕቃ የምትረከበው ቱርክ ተመላልሰው ከሚያመጡ ሴቶች ነበር፣ ዘንድሮ ዋጋው ሲበዛባት «በቃ ራሴ ሄጄ አያለሁ» አለች፣ ቀጥላ ደግሞ «አቢዬ አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፣ ትኬቱ በኔ ሸክሙ ባንተ» አለችኝ። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳላይ ነው ቦሌ የደረስነው።

በረራው ከአምስት ሰዓት በላይ ነው። ሲያርፍ ስልኬ ሰዓቱን ይቀይራል ብዬ ባይ ባይ ወይ ፍንክች፣ ለካ ቱርኮች ከ2016 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) በጋ ክረምት ሰዓት መቀያየሩን ትተው ከኛ ጋር ልክ እኩል ሆነዋል። ደስ አለኝ፣ አንድ ነገር ቀለለልኝ ብዬ። ይሄ ነገር ሐሙስ ዕለት ምን እንዳደረገን እመጣበታለሁ።

ኤርፖርት ውስጥ አንዱ ሻንጣችን አልመጣም። እኔ ሄጄ ለአንዷ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ልጅቷ ፈገግ ትላለች እንጂ አልገባትም፣ እቴቴ ትዕግስቷ አለቀና ከኋላዬ «ሻንጣዬን! ሻንጣዬን በያት!» ብላ ስትጮህ ልጅቷ ዓይኗ በራ፣ «ቻንታ?» አለች። ቻንታ ማለት ሻንጣ ነው! ይዛን ሄደች፣ በሌላኛው መዘውር ላይ ብቻውን እየዞረ ነበር። ከዛች ደቂቃ ጀምሮ እቴቴ «የኔ አማርኛ ካንተ እንግሊዝኛ ይሻላል» ማለት ጀመረች፣ እውነትም ሳምንቱን ሙሉ ተሻለ። ሰዓት እነሱም ሳአት ነው የሚሉት፣ ክብሪትን ክብሪት፣ ባሩድን ባሩት፣ ፍንጃልን ፊንጃን ይሉታል። እንደዚህ አይነት ቃል ባገኘሁ ቁጥር ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር፣ ስንመለስ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

በአውቶቡስ አክሳራይ ወርደን ሻንጣ እየጎተትን ወደ ላሌሊ ወጣን። ላሌሊ ማለት የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው፣ ሶቭየት ህብረት ስትፈርስ ከዛ በኩል ሰዉ ባዶ ሻንጣ ይዞ እየመጣ ሞልቶ ይመለስ ስለነበር ሰፈሩ በሻንጣ ንግድ ነው ያደገው፣ እስካሁን የሱቁ ጽሑፍ ግማሹ ሩሲያኛ ነው። እና ገና ሰፈሩን እንደረገጥን አንዱ ወጣት ከሱቅ በር ላይ ሆኖ «አቢ! አቢ!» ብሎ ጠራኝ።

ቆምኩ። ዞር ስል ሌላው ከማዶ «አቢ! ሄሎ አቢ!»። እንዴ! ስሜን ማን ነገራቸው? እቴቴ ደግሞ ፊቷ ተለዋወጠ፣ «አቢ፣ እነዚህን ልጆች ከየት ታውቃቸዋለህ? እውነቱን ንገረኝ» አለች። ማንንም አላውቅም ብዬ ብምልም አላመነችኝም፣ ምክንያቱም አንድ ሃምሳ ሜትር ስንሄድ አምስት ሰው በስሜ ጠርቶኛል፣ ዶነር የሚቆርጠው ሰውዬ እንኳን ቢላውን ከፍ አድርጎ «ቡዩር አቢ» አለኝ።

በዚህ መሃል አንድ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወደ እቴቴ ጠጋ ብሎ «አብላ! አብላ!» ይላል። እቴቴ ቆመች፣ ልጁን ከላይ እስከታች አየችው፣ ቀጭን ነው፣ ጃኬቱ ሰፍቶታል። «ውይ ልጄን፣ ርቦት ነው» አለችና እዛው መንገድ ላይ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ለመንገድ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ አውጥታ ሁለት እጁን ሞላችለት። ልጁ ግራ ገባው፣ ግን አልመለሰውም፣ አንዷን ወደ አፉ ወረወረ፣ አላመጠ፣ ከዛ ወደ ሱቁ ዞሮ በቱርክኛ የሆነ ነገር ሲጮህ ሦስት ልጆች ወጡና ተቃመሱት።

ማታ ሆቴል ውስጥ ስልኬ ላይ ፈልጌ ነው የገባኝ፣ አቢ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ለማያውቁት ወንድ በአክብሮት የሚሉት፣ እንደኛ «ወንድሜ» ማለት ነው፣ አብላ ደግሞ ታላቅ እህት። ለእቴቴ ስነግራት በጣም ነው የሳቀችው፣ ከዛ ዝም ብላ ቆየችና «ግን ልጁ ቀጭን ነው» አለች።

ረቡዕ

ረቡዕ ጾም ነው፣ ስለዚህ ቁርስ ላይ አይብ ቅቤ እንቁላል ሁሉ ተደርድሮ እኛ ወይራ ፍሬ፣ ቲማቲምና ዳቦ በላን። ከዛ ወደ ገበያ። እኔ በየመስኮቱ «ቶፕታን» የሚል ጽሑፍ እያየሁ እቴቴን «ይሄ ቶፕታን የሚባል ድርጅት ሰፈሩን ገዝቶታል እኮ፣ ሁሉም የሱ ነው» አልኳት፣ እሷም «ሀብታም ነው በለኛ፣ እንግዲያው ዋጋ አንድ ነው ማለት ነው አንደክም» አለችና የመጀመሪያው ሱቅ ገባን። (ቶፕታን ማለት ጅምላ ማለት ነው። አንድ ጃኬት አይሸጡልህም፣ ሴሪ ነው የሚሉት፣ ከትንሹ ሳይዝ እስከ ትልቁ በአንድ ታስሮ።)

የገባንበት ሱቅ የማክሰኞው ልጅ የሚሠራበት ሆነና! «አብላ!» ብሎ ሮጠ፣ ወንበር፣ ሻይ፣ ባለቤቱን ጠራ። ባለቤቱ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ እንግሊዝኛው ከቁጥር አያልፍም። እቴቴ አንድ የሴት ጃኬት ወደደች። ሰውዬው ካልኩሌተሩ ላይ 22 ብሎ ጻፈና አሳየኝ፣ በዶላር ነው፣ «ታማም?» አለኝ፣ እሺ ወይ ማለት ነው።

እቴቴ ቀድማ «እስከ 24 ድረስ እሺ በል» ብላኝ ስለነበር እኔም እሺ አልኩ። ግን እንዴት ነው እሺ ያልኩት፣ ያው እኛ እንደምናረገው፣ ቅንድቤን ከፍ፣ አገጬን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ። አዎ ማለቴ ነው። ሰውዬው አየኝ፣ አሰበ፣ 21 ጻፈ። «ታማም?» ገረመኝ፣ እንደገና ቅንድቤን ከፍ አረኩ። 20። እንዴ! እቴቴ ጎኔን ነካችኝ፣ «ምን እያልከው ነው?» «እሺ እያልኩት ነው!» «እሺ እያልከው ለምን ይቀንሳል?» «እኔንጃ!» 19። ከፍ። 18። አሁን ሰውዬው ላብ ላብ ብሎታል፣ ልጁ ደግሞ በአድናቆት ነው የሚያየኝ፣ በመጨረሻ 17 ጽፎ ካልኩሌተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው እኔ ድንጋጤ ይዞኝ ምንም ምልክት ሳላሳይ እጄን ዘረጋሁለት፣ ተጨባበጥን።

ከዛ የኛ ተራ ደረሰ። እቴቴ «ጥቁሩም ካለ ሁለት ሴሪ ይጨምርልን» አለች፣ ጥቁር ልብስ እያሳየሁ ጠየኩት። ሰውዬው ቅንድቡን ከፍ አደረገና ከንፈሩን መጠጠ፣ ጽ! እቴቴ ደረቷን ይዛ «ምን ሆኖ ነው ከንፈር የሚመጥልን? ማን ሞተ?» አለች። «አይ፣ ቅንድቡን አንስቷል፣ አለ ማለቱ ነው፣ አሳዝነነው ነው መሰለኝ» አልኳት። ስለዚህ ጥቁሩ ጃኬት እስኪመጣ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሻይ መጣ። ሌላ ሻይ መጣ። ሰውዬው ያየናል፣ እናየዋለን። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ልጁ ስልኩ ላይ በትርጉም ጽፎ አሳየኝ፣ «ጥቁር የለም፣ ለምን ትጠብቃላችሁ?»

እዛው በስልክ ተጻጽፈን ነው የተፈታው። ቱርክ ውስጥ ቅንድብ ማንሳትና ጽ ማለት የለም፣ አይሆንም ማለት ነው! እኛ አዎ የምንልበት ምልክት እነሱ እምቢ የሚሉበት፣ እኛ የምናዝንበት ድምፅ እነሱ አይሆንም የሚሉበት። እኔ አምስት ጊዜ እሺ ስለው ሰውዬው አምስት ጊዜ እምቢ እንዳልኩት ነው ያየው፣ ድርድር ላይ እንደዚህ ፊቱ የማይለዋወጥ ልጅ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

እቴቴ ሲገባት ፊቷ ቀላ። «ባንተ ምልክት ሰው አልጎዳም፣ 22 ብለን እንክፈለው» አለች፣ ጻፍኩለት። ሰውዬው አነበበ፣ ለረጅም ሰዓት ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ከዛ 17ን በጣቱ አንኳኳውና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ተጨባብጠናል፣ አልቋል ማለቱ ነው። እቴቴ ከቦርሳዋ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የይርጋጨፌ ቡና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ለራሷ ነበር የያዘችው፣ ሆቴል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ልታፈላ።

ማታ ሱልጣናህመት ወደሚባለው አደባባይ ስንሄድ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ «ሚሲር! ሚሲር!» ይላል። እቴቴ ቆመች፣ «ምስር! የጾም ነገር አገኘን አቢዬ፣ ሄደህ ከነዳቦው አምጣ»። ሄጄ ሁለት ጣት አሳየሁት። የሰጠኝ ሁለት የተጠበሰ በቆሎ! ሚሲር ማለት በቆሎ ነው እዚህ። ያው በቆሎም ጾም ነው፣ ጥርሳችን ላይ ከሰል እያደረግን አደባባዩ ላይ ቁጭ ብለን በላነው፣ ከመገናኛው በቆሎ ምንም አይለይም፣ ጨው ከማብዛታቸው በስተቀር።

ሐሙስ

ልጁ ትናንት ስንወጣ ዕቃው መቼ እንደሚታሸግ ሦስት ጣቱን አሳይቶ «ሳአት» ብሎኛል። ሦስት ሰዓት፣ ግልጽ ነው፣ ስልኩም እኩል ነው። ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ደረስን። ሱቁ ገና እየተከፈተ ነው፣ ልጁ መጥረጊያ ይዞ በሩ ላይ ያየናል። እሱ ሦስት ያለው የነሱን ሦስት፣ ለኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኩል የሆነው ስልኩ እንጂ አቆጣጠሩ አይደለማ! አዲስ አበባ ሆኜ ፈረንጅ ሲቀጥረኝ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም፣ እዚህ ግን የሰዓቱ እኩልነትና ሳአት የሚለው ቃል አንድ ላይ ሆነው አገሬ ያለሁ አስመሰሉኝ።

ሂዱና ተመለሱ አላሉንም። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንግዳ አደረጉን። ሻዩ ወገቧ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ ነው የሚመጣው፣ አንዱን ስትጨርስ ሌላ ይመጣል፣ እቴቴ የቀረበላትን መመለስ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ዘጠኝ ጠጣች። ዘጠነኛው ላይ ልጁ አዘነላትና ማንኪያውን ብርጭቆው አፍ ላይ በአግድም አስተኛላት፣ ያ ምልክት በቃኝ ማለት ነው፣ ወዲያው መምጣቱ ቆመ።

የድመቷን ነገር መንገር አለብኝ። ሱቁ ውስጥ ባለ ወንበር ላይ አንዲት ወፍራም ብርቱካናማ ድመት ተኝታለች። እቴቴ መቀመጥ ፈለገችና «ውጪ ከዚህ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ሾ ስታረጋት ሱቁ በሙሉ ጸጥ አለ። ገበያተኛዋ፣ ልጁ፣ ባለቤቱ ሁሉ ዞሩ። ባለቤቱ ተነስቶ ድመቷን አቅፎ ወደነበረችበት መለሳትና የራሱን ወንበር ለእቴቴ ሰጣት። ከዛ በኋላ ስናይ ነው፣ በየበሩ ሥር ምግብና ውሃ ይቀመጥላቸዋል፣ ትራም ማቆሚያ ላይ ተኝተው ሰዉ ዞሯቸው ያልፋል። እቴቴ እስከመጨረሻው አልተዋጠላትም፣ ግን ማታ ሆቴሉ በር ላይ ላለችው ግልገል የዶሮ ቁራጭ ስትጥል አይቻታለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጁ ምን እንደምንበላ ጠየቀ። ዛሬ ጾም አይደለም፣ ሥጋ አልኩት። «ቺ ኮፍቴ» አለኝ፣ ቺ ምንድነው ስለው ስልኩ ላይ ያሳየኝ ትርጉም፣ ጥሬ! እቴቴን እጇን ያዝኩ፣ «እቴቴ ጥሬ ሥጋ አለ!» «አረ ተው! በሰው አገር?» አለች ግን ቀድማኝ ተነስታለች።

ትንሽ ቤት ነው። ሰውዬው ጓንት አድርጎ ጥቁር ቀይ የሆነ ነገር በመዳፉ ጨብጦ ይለቀዋል፣ የጣቶቹ ቅርጽ ይቀራል፣ ሰላጣ ላይ ያደርገዋል፣ ሎሚ ይጨምቅበታል፣ የሮማን ጭማቂ የመሰለ ጥቁር ነገር ያፈስበታል፣ በስስ ቂጣ ይጠቀልለዋል። ልክ ክትፎ ነው የሚመስለው። በላን። በርበሬው ሞቅ ያደርጋል፣ ጣፋጭ ነው፣ ሁለት ሁለት ከበላን በኋላ እቴቴ ማላመጧን አዘገየች፣ ወደ ጣራው አየች፣ «አቢ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም» አለች። ጠየኩ። እውነቷን ነው፣ ስንዴ ነው! ቡልጉር የሚሉት ክክ ስንዴ፣ ከቲማቲም ድልህና ኢሶት ከሚባል ጥቁር በርበሬ ጋር የታሸ። ድሮ እነ ኡርፋ በኩል በጥሬ ሥጋ ነበር የሚሠራው፣ በኋላ ለጤና ሲባል ሱቅ ውስጥ በሥጋ መሸጥ ተከለከለና ስሙ እንደነበረ ሆኖ ሥጋው ወጣ።

እቴቴ ቅር ሲላት ጠብቄ ነበር፣ እሷ ግን «ታዲያ ይሄን ትናንት አታሳየኝም ነበር! ጾም እኮ ነው!» ብላ ለአርብ ሁለት አስጠቀለለች።

አርብ

እቴቴ ደክሟት ሆቴል ቀረች፣ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ሀሳቤ ሲርኬጂ የሚባለውን የድሮ ባቡር ጣቢያ ማየት ነበር፣ በ1890 የተከፈተ፣ ከፓሪስ የሚመጣው ታዋቂው ኦሪየንት ኤክስፕረስ የሚቆምበት የነበረው። በትራም ኤሚኖኑ ወረድኩ፣ አንድ ፌርማታ አልፌ መሆኑን አላወኩም። ከፊቴ ባህሩ፣ የጋላታ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ተደርድረዋል። አንዱን ሽማግሌ «ባቡር? ባቡር?» አልኩት፣ የእቴቴ ዘዴ ይሠራል ብዬ።

ሠራ! «ሃ፣ ቫፑር!» አለ፣ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ወሰደኝ፣ ካርዴን ነካ አድርጌ ገባሁ፣ ብዙ ሰው እየሮጠ ይገባል፣ እኔም ሮጥኩ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ መስኮት ዳር ያዝኩ። ጥሩ ሰፊ ባቡር ነው እያልኩ ሳለ ወለሉ ተንቀጠቀጠና ከተማው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። መርከብ ነው! ቫፑር ማለት መርከብ ነው፣ እኛ ቃሉን ለሐዲዱ፣ እነሱ ለባህሩ አደረጉት፣ ሁለቱም የእንፋሎት ነገር ነውና። ባቡሩን ትሬን ነው የሚሉት፣ ያን ብል ኖሮ በሁለት ደቂቃ እደርስ ነበር።

መጀመሪያ ደንግጬ ልቤ መታ፣ ምክንያቱም በሕይወቴ ከሐይቅ ጀልባ ውጪ ውሃ ላይ ሄጄ አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ፊቴን አይታ ሲሚቷን ቆርሳ ሰጠችኝ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት የቀለበት ዳቦ ነው፣ ውጪ ወጥተን ቁራሹን ወደ ላይ ስትወረውር አንድ ነጭ ወፍ ከንፋሱ ላይ ቀለበው። እኔም ወረወርኩ። ሚናሬቶቹ ከኋላ እየራቁ፣ ወፎቹ ከላይ እየጮሁ፣ ያን ያህል ደስ ብሎኝ የማውቅበትን ቀን አላስታውስም፣ የምሬን ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀው። ካዲኮይ ወረድኩ፣ ስልኬን ሳይ እስያ ገብቻለሁ! ለእቴቴ ደወልኩላት።

«የት ነህ?»
«እስያ ነኝ።»
«ምን አባክ ልትሠራ?»
«ባቡር ብዬ ጠይቄ ነው።»

ዝም አለች፣ ከዛ «ቻይና እንዳትደርስ ቶሎ ተመለስ» አለች። ስመለስ ከመርከቡ ላይ ውሃው ዳር የተሠራ እንደ ቤተመንግሥት ያለ ሕንፃ አየሁና ጠየኩ፣ ሃይዳርፓሻ ነው፣ የባቡር ጣቢያ! ቀኑን ሙሉ የፈለኩት ነገር በባህር በኩል ታየኝ።

ቅዳሜ

ዛሬ አያ ሶፊያ። የመግቢያው 25 ዩሮ ለእቴቴ ሕመም ሆኖባታል፣ ግን ከፈለች፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ነው የመጣችው። ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በ537 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) ነው የተጠናቀቀው፣ ያሠራው ዩስቲንያኖስ በኛ ዐፄ ካሌብ ዘመን የነበረ ንጉሥ ነው፣ ወደ አክሱም መልክተኛ ሁሉ ልኮ ነበር። በ1453 መስጊድ ሆነ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሙዚየም፣ ከ2020 ወዲህ ተመልሶ መስጊድ። ሥሩ የሚሰገድበት ነው፣ ጎብኚ የሚወጣው ወደ ፎቁ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት ተልጧል።

ላይ ስንደርስ እቴቴ ሳትነግረኝ ጫማዋን አወለቀችና በእጇ ያዘች። ከዛ ወደ ግድግዳው ሄዳ በግንባሯ፣ በከንፈሯ ተሳለመች። ጥበቃው መጣ፣ ወጣት ነው፣ ጫማዋን እያሳየ እዚህ ማውለቅ አያስፈልግም ሊላት ፈለገ፣ «አቢ» አለኝ ንገራት እንደማለት። እሷ ግን በዚህ ጊዜ በቀኝ በኩል ካለው ሥዕል ፊት ቆማለች። ጌታችን መሃል፣ እመቤታችን በአንድ በኩል፣ መጥምቁ ዮሐንስ በሌላ በኩል፣ ከታች ግማሹ ረግፏል፣ ፊታቸው ግን ሙሉ ነው፣ ወርቁ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ያበራል። የእመቤታችንን ፊት አይታ ማልቀስ ጀመረች። አማተበች፣ በጸጥታ ስለ ልጆቿ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አገር ስትለምን እሰማታለሁ። ጥበቃው ሁለታችንንም አየን፣ ምንም አላለም፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፣ ከኋላ የሚመጡትን ቱሪስቶች በእጁ በሌላ በኩል እንዲያልፉ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ ትልቁን የተሸፈነ ገበያ ዞርን፣ እቴቴ ዋጋ ጠይቃ ስቃ ወጣች፣ ላሌሊ ይሻላል አለች።

እሁድ

ባለ ሱቁ ለቡናው ምላሽ ቤቱ ጠራን። ልጁ ለካ የእህቱ ልጅ ነው፣ እሱ ነው መጥቶ የወሰደን። በሩ ላይ ጫማ አወለቅን፣ ነጠላ ጫማ ሰጡን፣ እስከዚህ ሁሉም እንደ ቤታችን ነው። ገና እንደተቀመጥን የሰውዬው እናት፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት፣ የብርጭቆ ጠርሙስ ይዘው መጡና በእቴቴ መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉላት።

እቴቴ አሮጊቷን አየች፣ ሻሹን አየች፣ በመዳፏ ያለውን ውሃ አየች። ጸበል ነው! «አሜን እማማ» ብላ ግማሹን ፊቷ ላይ ረጭታ ቀሪውን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ኮሎንያ ነው፣ የሎሚ ሽታ ያለው አልኮል፣ ለእንግዳ እጅ የሚያፈሱት! ዓይኗ ተቃጠለ፣ እኔ በአንድ እጄ ፎጣ በአንድ እጄ ውሃ፣ አሮጊቷ እሷን አቅፈው እያሻሹ ያዝናሉ፣ እቴቴ ዓይኗ እንደተጨፈነ «ምንም አልሆንኩም በላቸው፣ ሽታው ደስ ይላል በላቸው» ትላለች። ከዛ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ እስክንወጣ አልተላቀቁም።

ምግቡ ብዙ ነበር፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የምስር ሾርባ (አሁን እውነተኛው ምስር፣ መርጂመክ ይሉታል)፣ የበግ ጥብስ። እቴቴ ከወይን ቅጠሉ አንዱን አንስታ ለአሮጊቷ «በሞቴ» አለቻቸው። አሮጊቷ በእጃቸው ሊቀበሉ ዘረጉ፣ እቴቴ እጃቸውን ዝቅ አድርጋ ወደ አፋቸው። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ፣ ጎረሱ፣ ሳቁ፣ ልጁ ወዲያው «እኔስ?» እንደማለት አፉን ከፍቶ ጠጋ አለ፣ ከዛ በየተራ ጉርሻ ሆነ፣ ባለ ሱቁ እንኳን ጎረሰ። ስንጨርስ «ኤሊኒዜ ሳልክ» በሉ ብሎ ልጁ አስተማረን፣ ለእጃችሁ ጤና ይስጥ ማለት ነው፣ እጃችሁ ይባረክ ብለን ስንተረጉምላቸው በጣም ተደሰቱ።

ቡና መጣ፣ አተላው ሥር ያለበት በትንሽ ፍንጃል። ጠጥተን ጠበቅን። ቶና አልመጣም። እነሱ ፍንጃላቸውን ሳህኑ ላይ ደፉት፣ እቴቴ «ጠልተውት ነው?» አለችኝ በቀስታ፣ ለካ ሲቀዘቅዝ ገልብጠው ዕድል ሊያነቡበት ነው፣ እነሱ ዘንድ ቡና አንድ ጊዜ ነው። እቴቴ ይሄን ስትሰማ ተነስታ ኩሽና ገባች። ይርጋጨፌውን በነሱ ትንሽ ማንቆርቆሪያ አፈላችው፣ አቦል ቀዳች፣ ማንም ፍንጃል እንዳይደፋ በእጇ ከለከለች፣ ውሃ ጨምራ ቶና፣ ከዛ በረካ። በረካው ላይ ባለ ሱቁ እኛን እያየ አንድ አባባል አለ፣ ልጁ በስልክ ተረጎመልን፣ የአንድ ፍንጃል ቡና ውለታ አርባ ዓመት ይቆያል ይላሉ። እቴቴ ጣቷን ቆጠረች፣ «ሦስት ስለጠጣን መቶ ሃያ ዓመት በለው» አለች።

ሰኞ

ዕቃው በኪሎ ተመዝኖ ካርጎ ገባ፣ ጥቁሩ ጃኬት እስከመጨረሻው አልተገኘም። ልጁ ሻንጣችንን እስከ ታክሲው ተሸከመልን፣ አሁን እቴቴን አብላ አይላትም፣ «ቴይዜ» ነው የሚላት፣ የእናት እህት ማለት ነው፣ ማንም ሳይነግረው ልክ የኔዋን ቦታ ሰጣት። የቀረውን ዳቦ ቆሎ ከነላስቲኩ ሰጠችው።

ታክሲው ገና እንደተንቀሳቀሰ ከኋላ ቿ! የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል ልጁ አንድ ጠርሙስ ውሃ በኋላችን አስፋልቱ ላይ ደፍቶታል።

«አቁም! አቁም በለው!» አለች እቴቴ፣ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ «ውሃ ደፋብን እኮ! ምን በደልነው?»

ሹፌሩ በመስታወት አያት፣ ገባው፣ ስልኩን ተቀብሎኝ ተናገረበት፣ አነበብኩላት። ለመንገደኛ ነው የሚደፉት፣ እንደ ውሃ ሂዱ እንደ ውሃ ተመለሱ ማለት ነው።

እቴቴ መስኮቱን አወረደች፣ አንገቷን አውጥታ «አሜን! አሜን ልጄ!» አለችው፣ እሱ ባዶ ጠርሙሱን እያወዛወዘ በሌላው እጁ ዳቦ ቆሎውን ይዞ መንገዱ መሃል ቆሟል፣ እስክንታጠፍ ድረስ «አቢ! ቴይዜ! አቢ!» ይላል።